ዋስ ያጣሁበት የገበያ ቀን

ይህን የምጽፈው ሰማንያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ነገሩ የደረሰው ግን ገና ሠላሳ ሳይሞላኝ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ጊዜ ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች በዚያ ዘመን የት ነበራችሁ ሲባሉ ጫካ ነበርን ይላሉ። እኔም ጫካ ገብቻለሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የነበርኩት በሌላው ወገን ነው። ዛፕትያ ነበርኩ። ዛፕትያ ማለት ጣሊያን ከአገሬው ሰው እየመለመለ መሣሪያ ያስታጠቀው ፖሊስ ነው። ቀይ ቆብ እናደርጋለን፣ ወገባችንን በሰፊ ቀይ ጨርቅ እንታጠቃለን፣ ገበያ እንጠብቃለን፣ ያዙ የተባልነውን እንይዛለን፣ አቃጥሉ ሲሉንም እናቃጥላለን።

እንዴት ገባህበት ለሚለኝ ረጅም መልስ የለኝም። አባቴ ጉንደ ወይን አካባቢ ገበሬ ነበር፤ ከአምስት ወንድሞች አራተኛው ነኝ፤ ጠመንጃ እፈልግ ነበር። ጣሊያን ጠመንጃ ሰጠኝ። ተታለልኩ ወይም ተገደድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማንም አላስገደደኝም።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሮብ ገበያ፣ ጮቄ ተራራ ግርጌ ወዳለ አንድ ትንሽ መንደር ዘመትን። መንደሩ አርበኛ አሳድሯል ተብሎ ነው። አለቃችን ማሬሻሎ የሚባል ማዕረግ ያለው ጣሊያን ነበር። እሱ የቤቶቹ በር ሁሉ ከውጭ እንዲታሰር አዘዘ። እኔ የአንዱን ቤት በር በጠፍር አሰርኩ። ከዚያ የሣር ክዳኑ ተለኮሰ። ውስጥ ሰው መኖሩን አውቅ ነበር ወይ? አውቅ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተኝቼ ሳለሁ ነፋስ ክዳን ሲያንኮሻኩሽ ብድግ እላለሁ። መድኃኒቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም፤ አረቄ በየበሩ ነበር። መጀመሪያ ለመተኛት ጠጣሁ፣ ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጡን እንዲተው ጠጣሁ፣ በመጨረሻ ለምን እንደምጠጣ መጠየቁን ተውኩት። ከዚያ ዘመቻ የተመለስን አምስት ዛፕትያዎች በአንድ ረድፍ በተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች እንኖር ነበር። አምስታችንም እንጠጣለን፣ አምስታችንም ሚስቶቻችንን እንደበድባለን። ግድግዳው ስስ ነበር። ሴቶቹ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ ትናንት የማን ተራ እንደነበር አይጠያየቁም፤ ሁሉም ሰምተዋል።

የእኔ ሚስት እንጉዳይ ትባላለች። የይጁቤ ልጅ ናት። የተጋባነው ጣሊያን ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ብዙ አትናገርም፤ ስትፈትል እጇ ፈጣን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት አረማመዴን እየቀዳች ታስቀኝ ነበር። በኋላ መሳቅ ተወች፤ እኔም የተወችበትን ቀን ልብ አላልኩም። ወንድሞቿ ከአርበኞች ጋር ጫካ ናቸው፤ እሷ ግን ስማቸውን በቤቴ አታነሣም፤ እኔም አልጠይቃትም። ልጅ አልነበረንም። አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። እንዴት እንደቀረ መገመት አያቅታችሁም።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቢ ላይ፣ ዓርብ ማታ የግራ ክንዷን ሰበርኩት። በምን እንደጀመረ ዛሬም አላስታውስም። ስነቃ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እሷ ቤት የለችም። ወደ ወጌሻ ሄዳ ይሆናል ብዬ ልብሴን ለበስኩ፣ ጠመንጃዬን አነገትኩ፣ ገበያ ልጠብቅ ወጣሁ። ሕሊናዬ ያን ጠዋት ምንም አልነገረኝም። ራሴን ነበር የሚያመኝ።

ገበያው ደምቆ ነበር። እህል ተራው አጠገብ ቆሜ ሰዉ ሲተራመስ አያለሁ። እንጉዳይ በሕዝቡ መሐል ስትመጣ ያየኋት አጠገቤ ከደረሰች በኋላ ነው። የግራ ክንዷ በሸንበቆ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ቃል ሳትናገር የነጠላዋን ጫፍ በቀኝ እጇ ያዘች፣ ወገቤ ላይ የተንጠለጠለውን የቀይ መታጠቂያዬን ጫፍ ሳበች፣ ሁለቱን አገናኝታ በአንድ እጇና በጥርሷ ቋጠረችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

"በሕግ አምላክ፣ ከቆምክበት አትነቃነቅ" አለችኝ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር የተበደለ ሰው የበደለውን ካገኘ ልብሱን ከልብሱ ቋጥሮ ይቆራኘዋል። ከተቆራኙ በኋላ ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛ ሳያይ ቋጠሮውን አይፈታም። የፈታው ሰው ስሙ በአገር ይጠፋል፤ ከእንግዲህ ማንም አያምነውም፣ ማንም አይዋሰውም። ዳኛ ደግሞ ሩቅ አይፈለግም። ከሳሹ በመንገድ የሚያልፈውን ጨዋ ሰው በሕግ አምላክ ብሎ ያስቆመዋል፤ የተጠራውም ሰው ሥራ አለብኝ፣ መንገደኛ ነኝ ብሎ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ይፈርዳል። ጣሊያን የራሱን ፍርድ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ይህን ግን ከሰው ውስጥ ሊያወጣው አልቻለም። ከእኔ ውስጥም አላወጣውም፤ ጠመንጃ አንግቼ፣ የጣሊያንን ልብስ ለብሼ፣ አንዲት ክንዷ የተሰበረ ሴት ቁም ስትለኝ ቆምኩ።

እንጉዳይ ዙሪያውን አየችና ሁለት ስንዴ የጫኑ አህዮች እየነዱ የሚያልፉ ሽማግሌ አስቆመች። ስማቸው አያ ጀምበሬ እንደሆነ ቆይቼ ነው የሰማሁት። ገጠር የሚኖሩ፣ እሷም ከዚያ በፊት አይታ የማታውቃቸው ሰው ነበሩ። ቆቤን አዩ፣ ጠመንጃዬን አዩ፣ ቋጠሮውን አዩ። ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውንም አልደበቁም። ልጄ፣ እባክሽ ሌላ ሰው ጥሪ አሏት። እሷም፣ የጠራሁት እርስዎን ነው አለች። ሽማግሌው መንዳታቸውን አቆሙ። ከዚያ አህዮቹን ሳያራግፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ዱላቸውንም ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሰው ከበበን።

እንጉዳይ አቤቱታዋን በአጭሩ ተናገረች። ከዓመት በላይ እንደደበደብኳት፣ ትናንት ክንዷን እንደሰበርኩ፣ ከእንግዲህ ለነፍሷ እንደምትፈራ። ድምፅዋ አልተለወጠም። የሌላ ሰው ነገር የምትናገር ይመስል ነበር።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉኝ አያ ጀምበሬ።

"ወድቃ ነው" አልኩ።

ከበው ከቆሙት አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ብቻ ሁሉም ወደ መሬት አዩ። አያ ጀምበሬ ምስክር እንዳላት ጠየቋት። የሰሙ አሉ፣ ግን አይመጡም አለች። የጎረቤቶቼን ሚስቶች ማለቷ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ አይመጡም ነበር። ሽማግሌው አሰቡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ፈረዱ።

"ክንዱ መሰበሩን አያለሁ። ማን እንደሰበረው ግን ክንዱ አይነግረኝም፤ ምስክርም የለም። ስለዚህ በትናንቱ አልፈርድም። በነገው ግን እፈርዳለሁ። ይህ ሰው ሁለተኛ እጁን እንዳያነሣባት ዋስ ይጥራ። ስንዴዬን ሸጬ እስክጨርስ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ዋስ ካመጣ ከቤቷ ትግባ። ካጣ እሷ ወደ ወገኖቿ ትሂድ፤ እሱም እግሯን ተከትሎ አይሂድ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ዋስ አጣለሁ የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልዞረም። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ሳልፍ ሁሉም እጅ ይነሣል። አንድ ሰው፣ እኔ እዋሰዋለሁ የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። እሷ ከሄደች ግን ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ባዶ ቤት ውስጥ ከዚያ የክዳን ድምፅ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው። እወዳት ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? እኔም አላምንም። ያለ እሷ ማደር እንደማልችል ግን አውቅ ነበር።

እንደተቋጠርን ተነሣን። ተቆራኝቶ መሄድ ከባድ ነው። እኔ ስፈጥን ነጠላው ይሳባል፣ ክንዷን ያማታል፤ ስለዚህ እርምጃዬን ከእርምጃዋ ጋር ማስተካከል ነበረብኝ። ከሦስት ዓመት በላይ ከእሷ ጋር ስኖር ይህን ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ካሴ ነው። ካሴ እንደ እኔው ዛፕትያ፣ ጎረቤቴና የመጠጥ ጓደኛዬ ነበር። በሩ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ሲወለውል አገኘነው። ቋጠሮውን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። ጉዳዩን ነገርኩት። ሳቁን አቆመና ወደ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ እንቅስቃሴዋን አቁማ ታዳምጣለች።

"ስማ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዋስ ሆኜህ ብትመታት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ትመታታለህ ደግሞ። እኔም የእኔን እመታለሁ። አንተስ ብትሆን ለእኔ ዋስ ትሆናለህ?"

እኔ ለካሴ ዋስ? አልሆነውም ነበር። ካሴ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ በሰከረ ጊዜ አልቅሶ የሮብ ገበያውን መንደር ስም ይጠራል። ግን ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ትወጣለች። እሱን ሳየው ራሴን አየሁ ብል ውሸት ነው፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር። ከሃዲ ብዬው ሄድኩ።

ቀጥሎ እትዬ የዝና ቤት ገባን። እትዬ የዝና አረቄ ይሸጣሉ፤ ከራሴ ቤት ይልቅ እሳቸው ቤት ነበር የምኖረው። እንጉዳይን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ በርጩማቸውን ሰጧት፣ ውሃ አመጡላት። ለእኔ እንደ ልማዳቸው ብርጭቆ ቀዱልኝ። ሚስቴ አጠገቤ፣ በነጠላዋ ታስራ፣ የሰበርኩትን ክንድ ይዛ ተቀምጣ እያለ ጠጣሁት። ይህን የምጽፈው ሌላውን ሁሉ ብታምኑኝ ይህንንም እንድታምኑኝ ነው። እንጉዳይ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

እትዬ የዝና ዋስ እንዲሆኑኝ ስጠይቃቸው የቀዱበትን ጠርሙስ ከደኑ። ደንበኛቸው ነኝ፣ ከጣሊያን ወታደር ሁከት ቤታቸውን ጠብቄላቸዋለሁ፣ ውለታ አለብኝ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

"አንተን ሳትጠጣ አይቼህ አላውቅም" አሉኝ። "የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ ልዋስ?"

ሦስተኛው መምሬ ታደለ ነበሩ፣ የንስሐ አባቴ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘናቸው። ንስሐ አባት ለልጁ ዋስ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር። እሳቸው እንጉዳይን ስለ ክንዷ ጠየቋት፣ ወጌሻው ማን እንደሆነ ጠየቋት፣ መስቀላቸውን አሳለሟት። ለእኔም መስቀሉን ሰጡኝ፤ ከዚያ ከሮብ ገበያ ከተመለስክ ወዲህ መጥተህ ታውቃለህ አሉኝ። አላውቅም። ያደረግኸውን ነግረኸኛል? አልነገርኩም። አንድ ነገር ንገረኝ፣ ክንዷን ሰብረሃል ወይስ አልሰበርክም፤ ይህንን እንኳ ብትነግረኝ ከዚያ ተነሥተን እናያለን አሉኝ።

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ዛሬ ሳስበው በዚያች ሰዓት ነገሩ ሁሉ በእጄ ነበር። ሰብሬያለሁ ብል መምሬ ታደለ ይዋሱኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንዱን በር ከከፈትኩ ሌላው የታሰረ በርም የሚከፈት መስሎ ታየኝ።

"ወድቃ ነው፣ አባቴ" አልኩ።

መምሬ ታደለ ራሳቸውን ነቀነቁና እግዜር ይርዳህ ልጄ ብለው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸውን ሁሉ አልዘረዝርም። አንዱ ነጋዴ ደጁን ዘጋ። አንዱ እጅ ነሥቶ፣ ጌታዬ እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም አለ። አንዱ ገና ሳልናገር ሚስቴ ታማለች ብሎ ሮጠ። እንጉዳይ በዚህ ሁሉ አንድ ጊዜም አልተናገረችም። አንዴ ብቻ መንገድ ላይ ቆመች፤ ክንዷ ጠዝጥዟት ነበር። ቆሜ ጠበቅኋት። ፀሐይ ከአናት አልፋ ነበር፤ አያ ጀምበሬም አንዱን አህያ አራግፈው እንደሆነ እያሰብኩ ያልበኝ ጀመር።

በካምፑ በር በኩል ስናልፍ ማሬሻሎው ከአስተርጓሚው ጋር ቆሞ አየን። ቀይ መታጠቂያዬ ከሴት ነጠላ ጋር ተቋጥሮ ሲያይ ጠራኝ። ምንድን ነው ይህ አለ በአስተርጓሚው። ተናገርኩ። ማሬሻሎው ሳቀ፣ ከወገቡ ጩቤ መዘዘ፣ ቋጠሮውን ሊበጥሰው እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ለምን እንደሸሸሁ በጊዜው አላወቅሁም። ለአለቃዬ እምቢ ስል በሕይወቴ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። አስተርጓሚው ነገሩ እንዳይከፋ ብሎ ይህ በአገራቸው የባልና ሚስት እርቅ ወግ ነው፣ ዋስ ሲገኝ በራሱ ይፈታል አለው። ማሬሻሎው ይህ ደስ አለው። ጩቤውን መለሰና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

"እኔ ዋሱ ነኝ ይላል" አለኝ አስተርጓሚው፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ። "ጎበዝ ወታደር ነው ይላል። ሄጄ በስሙ እንድናገርልህ አዞኛል።"

ከጠዋት ጀምሮ ስፈልገው የዋልኩት ቃል ይኸው ተገኘ። መደሰት ነበረብኝ፤ ተደሰትኩም። የከተማው ትልቅ ሰው ዋስ ሆነኝ። እንጉዳይ ግን ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። ነጠላው ሲንቀጠቀጥ ወገቤ ላይ ተሰማኝ።

እህል ተራ ስንደርስ አያ ጀምበሬ የመጨረሻዋን ቁና ሰፍረው ስልቻቸውን እያራገፉ ነበር። ሰዉ አልተበተነም፤ እንዲያውም በዝቷል። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ማሬሻሎው ዋሱ ነኝ ብሏል አለ። ሽማግሌው ስልቻውን አጣጠፉ። ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ገርጥቷል።

"ዋስ ማለት" አሉ፣ "የተዋሰው ሰው ሲያጠፋ የሚያዝ ሰው ነው። ርስቱ ይያዛል፣ ከብቱ ይያዛል፣ ሸሽቶም አይሸሽም፤ አገሩ ነውና። የእኒህን ሰውዬ ርስት የት ሄጄ ልያዝ? በደጃቸው ቆሜ በሕግ አምላክ ብላቸው ይቆሙልኛል? ለዋስነት አይበቁም። ሌላ ካለህ ጥራ።"

ጣሊያን ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል በአደባባይ ሰምቼ አላውቅም። በዚህ የተነሣ ሰው ሲሰቀል አይቻለሁ። ሁሉም አስተርጓሚውን ያየው ጀመር። እሱም እግሩን ሲያይ ቆየና ለማሬሻሎው ነገሩ አልቋል፣ ቋጠሮው ተፈትቷል እለዋለሁ ብሎ ሄደ። ስሙን አላነሣም፤ ዘመዶቹ ዛሬም አሉ። ያን ቀን ግን የሽማግሌውን ነፍስ ያተረፈው እሱ ነው።

"ሌላ አለህ?" አሉኝ አያ ጀምበሬ።

የከበበንን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየሁ። በስም የማውቃቸው ሃያ ሰዎች ይሆናሉ። አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየኝም።

"የለኝም" አልኩ።

"እንግዲያው ፍቺውና ሂጂ፣ ልጄ።"

እንጉዳይ ቋጠሮውን በአንድ እጇ ልትፈታ ሞከረች። ቀኑን ሙሉ ስንጓተት ጠብቆ ነበር። ልረዳት እጄን ሳነሣ አንገቷን ሰብራ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ደህናውን ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። እጄ አየር ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው እያየ ነው። እንግዲህ ምስክር ብትሉ ከዚህ ሌላ ምን ምስክር አለ? አያ ጀምበሬ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩ፤ እሷም ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

ነጠላዋን ካስተካከለች በኋላ ሰው እንዳይሰማት ቀርባ ተናገረችኝ። በዚያ ቀን ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነበር።

"ወንድሞቼ ሊጥሉህ ሦስት ጊዜ ይህቺ ከተማ ድረስ መጥተዋል። ሦስቱንም ጊዜ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ሰው ይሆናል፣ እኔ ዋሱ ነኝ ብዬ። አንተ ስትፈልገው የዋልከው ዋስ ይኸው ከመታጠቂያህ ጋር ተቋጥሮ ሲዞር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከዋስነቱ ወርጃለሁ። እወቀው።"

ከዚያ ከአያ ጀምበሬ ባዶ አህዮች ኋላ ኋላ ሆና በይጁቤ መንገድ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም። ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ልከተላት የሚከለክለኝ ከዚያ ከሽማግሌው ቃል በቀር ምንም አልነበረም። ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ባጭሩ ላሳልፋቸው። ወንድሞቿ ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልኩ ጠበቅሁ። አልመጡም። ከበፊቱ የባሰ ጠጣሁ። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ላይ ወደ ሮብ ገበያ በኩል ሌላ ዘመቻ ታዘዘ። ያን ዕለት ጠዋት ጠመንጃዬን ይዤ በተቃራኒው መንገድ ወደ ይጁቤ ሄድኩ። ጀግንነት አልነበረም። ሁለተኛ በር ማሰር እንደማልችል ብቻ ነበር የማውቀው፤ የምሄድበትም ሌላ ቦታ አልታየኝም።

የእንጉዳይ ታላቅ ወንድም ጥጋቡ ይባላል። ከሰዎቹ ጋር ቆላው አፋፍ ላይ አገኙኝ፤ ጠመንጃዬን ተቀበሉ፣ እጄን አሰሩ። ከጣሊያን ከድቶ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ጥጋቡም ጠየቀኝ።

"ዋስህ ማን ነው?"

"ዋስ የለኝም" አልኩት። "እህትህ ነበረች፤ ወረደች። የወረደችው ክንዷን ስለሰበርኩ ነው። የሰበርኩት እኔ ነኝ። አልወደቀችም። ሮብ ገበያ ላይም አንድ በር አስሬያለሁ።"

አፌን ለቅቄው ነው መሰል ቀጠልኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጥጋቡ ጠመንጃውን አቀባበለ፤ ከጓደኞቹ አንዱ እጁን ያዘው። ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ ጥጋቡ ወደ እኔ ተመልሶ፣ ዋስ የሌለው ሰው ጠመንጃ አይይዝም፣ ሸክም ትሸከማለህ አለኝ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ጥይትና ዱቄት ተሸከምኩ። ጠመንጃ አልሰጡኝም። አልጠየቅሁም።

አረቄ የተውኩት ጨክኜ አይደለም፤ ጫካ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ከነፃነት በኋላ ተመለስኩበት፣ ሁለት ጊዜ ተውኩት፣ ሁለተኛው እስከ ዛሬ አለ። ሌላ ሚስት አላገባሁም። ለእንጉዳይ ታምኜ እንዳይመስላችሁ፤ ራሴን ስለማላምን ነው። ከነፃነት በኋላ ንስሐ ገብቼ፣ ያለፈውን ሁሉ ተናግሬ፣ በከተማው ፖሊስ ውስጥ ተቀጠርኩ። ሃያ ዓመት ያህል ሠራሁ። ሌባ አባርረው፣ የሞተ ሰው አንሥተው፣ ቤተሰብ ታርዶ አይተው የሚመለሱ ወጣት ፖሊሶች ማታ መጠጥ ቤት ተደርድረው አይ ነበር። የሰው ቤት ሲጠብቁ ውለው የራሳቸውን ሊያፈርሱ ይሄዳሉ። ማንም ያየኸው ምንድን ነው ብሎ አይጠይቃቸውም፤ እነሱም አይናገሩም። እኔ እጠይቃቸው ነበር። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዳንዱ ይቀመጥና ይናገራል። የተናገረው ሁሉ ዳነ አልልም። ሚስቱን መምታት የተወ ግን ካየሁ፣ መጀመሪያ መታሁ ያለ ነው። ወድቃ ነው ከሚል ሰው ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ሰውዬው ጦርነት ያየ ነው፣ ያሳለፈው ብዙ ነው እያላችሁ አትደልሉት። እኔ ያሳለፍኩትን አሳልፌያለሁ፤ ክንዷን የሰበረው ግን የእኔ እጅ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

እንጉዳይ ይጁቤ ሌላ ባል አግብታ አራት ልጆች ወለደች። ከነፃነት በኋላ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት ገበያ ላይ አገኘኋት። ወፈር ብላ ነበር፤ ከሴቶች ጋር ስትስቅ ከሩቅ ሰማሁ። ሳቋን ረስቼው ነበር። አጠገቧ ሄጄ እጅ ነሣሁ። አፀፋውን መለሰች፣ ደህና ነህ አለችኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ። ጥቂት ቆመች። የምናገረው ነገር ካለ እየጠበቀችኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። ክንድሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ የሚለውን ቃል ለወንድሟ ተናግሬዋለሁ፣ ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፣ ለማላውቃቸው ፖሊሶች ሁሉ ተናግሬዋለሁ፣ ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ጽፌዋለሁ። ያን ቀን ግን የገበያውን ዋጋ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ፤ ተለያየን። እንጉዳይ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ለእሷ አልነገርኳትም።